ደሞዝ ማክሰኞ

የብርጓል፣ ልጇን ሔራንን ልትወስድ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ሌሎቹ ወላጆች ቀድመው የሚያዩት ፊቷን አልነበረም፤ ግራ እጇን ነበር። ከጣቶቿ ሥር እስከ ክንዷ ድረስ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። «ሔራን 9 ሰዓት»፤ «ኪኒን ከእራት በኋላ»፤ «ቡታጋዙን ዝጊ»። ቀኑን ሙሉ ጣና ዳር ዓሣ ስትፍቅ ስለምትውል ግማሹ በውኃ ይደበዝዛል፤ እሷም በላዩ ላይ ደግማ ትጽፋለች።

ዓባይ ማዶ፣ በዚያ በር ላይ ልጅ የሚጠብቁ ወላጆች ስለዚህ እጅ ያላሉት ነገር አልነበረም። አንዷ ድግምት ነው አለች። ሌላው ሴትዮዋ ጨርቋን ልትጥል ጥቂት ቀርቷታል አለ። ገበያ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላት ዘይነት ግን ከጀርባ ማማት አትወድም፤ ያላትን ፊት ለፊት ትናገራለች። የእሷ ልጅ ኢኽላስና ሔራን አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።

«የሔራን እናት» አለቻት አንድ ቀን፣ አንገቷን አስግጋ እጇን እያነበበች። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ‹ደሞዝ ማክሰኞ›? ስንት ቢከፍሉሽ ነው ቆዳሽ ላይ የምትጽፊው?»

ዙሪያውን የቆሙት ሳቁ። የብርጓል እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«እረሳለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«ደሞዝ የሚረሳ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ልጅሽንም እንዲህ እንዳትረሻት።»

የብርጓል ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ደሞዝ የሰው ስም መሆኑን፣ የባሏ ስም መሆኑን፣ ማክሰኞ ደግሞ ከወህኒ ቤት የሚወጣበት ቀን መሆኑን ከቆሙት አንዱም አያውቅም ነበር። የጢስ ዓባይ ጎረቤቷ ደውላ ነግራት፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ ነው የጻፈችው።

ደሞዝ ጢስ ዓባይ የእህል ወፍጮ ነበረው። ባገባት በመጀመሪያው ክረምት በጥፊ ጀመረ፤ ከዚያ በቀበቶ፤ ከዚያ በዱላ። ሽማግሌ ፊት ሁለት ጊዜ አቆመችው። ሽማግሌዎቹ ሁለቴም «አንቺስ ምን አድርገሽው ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ሁለቴም አስታርቀው መለሷት። ሔራን ሦስት ዓመት ሲሞላት ልብሷን ጠቅልላ ወደ ወንድሟ ልትሄድ ስትል ከወፍጮው ድንገት መጣና በር ላይ ያዛት። ቤት ውስጥ ጎትቶ አስገባት። መጥረቢያውን ከጥግ አነሣ። ስለቱን አይደለም ያሳረፈባት፣ ጀርባውን ነው፤ በኋላ ፍርድ ቤት ቆሞ ይህንኑ እንደ ቸርነት አድርጎ ተናገረው፤ «ልገድላት ብፈልግ ስለቱን አላጣውም ነበር» አለ። ጎረቤቶች በሩን ሰብረው ሲገቡ ሔራንን አልጋ ሥር ከተደበቀችበት ወጥታ፣ ደሙ መሀል ተቀምጣ፣ የእናቷን ፀጉር ይዛ አገኟት።

የብርጓል ከሞት ተረፈች። የቆየው ነገር ሁሉ አብሯት አለ፤ አዲሱ ግን ከራሷ ውስጥ አይቀመጥም፤ ጠዋት የነገሯት ከሰዓት የለም። ሐኪሙ ጻፊ አላት። ስልክ ላይ ሞከረች፤ ስልኩን ራሱን የት እንዳስቀመጠችው ማስታወስ ተሳናት። እጅ ግን የትም ተጥሎ አይቀርም። ልጇን ይዛ ባሕር ዳር ገባች፤ ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ እየፋቀች፣ አምባዛ እየገፈፈች፣ ሥጋውን ከአጥንት ለይታ ፊሌቶ እያወጣች ለምግብ ቤቶች በምታስረክብ ሴትዮ ዘንድ ተቀጠረች። የተመታ ራሷን በሻሽ ሸፍና፣ ስለ ደሞዝ ለማንም ሳትተነፍስ ኖረች። «የእስረኛ ልጅ» የሚል ስም ሔራን ላይ እንዲለጠፍ አልፈለገችም። ደግሞም ሽማግሌዎቹ የጠየቋትን ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ መስማት አልቻለችም።

ማክሰኞ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ ቀና እያለች ታያለች። ዓሣውን ስትፍቅ፣ እጇን ስትታጠብ፣ መልሳ ስትፍቅ ጽሑፉ ለቀቀ፤ ደግማ መጻፏንም ረሳች። ዝናብ ጀመረ። ወደ ማታ አብራት የምትሠራው ሴት «ዛሬ ልጅሽን ማን አመጣልሽ?» ስትላት ነው ቢላዋዋን ጥላ የሮጠችው።

ሔራን በሩ ጥግ፣ በጥበቃው በጋሽ ጊዮርጊስ ካፖርት ተጠቅልላ ቆማ ነበር። አጠገቧ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው አቶ ፍሬ ስብሐት ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። አባታቸው ከጣና ደሴቶች በአንዱ ገዳም ያገለገሉ መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ጋ ይመጣል። ልጃቸውን ወደ ቤት ልከው፣ ሰው የሌላትን ልጅ ትቼ አልሄድም ብለው እስከዚያ ሰዓት ዝናብ ውስጥ መቆየታቸው እውነት ነው።

«የሔራን እናት፣ ይኼ ልክ ነው?» አሏት።

«ረሳሁ» አለች የብርጓል። ዝናቡ ከፊቷ ላይ ይወርዳል። «ጽሑፉ ለቀቀብኝ።»

«ልጅ በጽሑፍ ነው እንዴ የሚታወሰው? አባቷስ የት ነው?»

«አባት የላትም።»

«ሞቷል?»

የብርጓል ሔራንን አዝላ ሄደች፤ ልጅቷ ለመታዘል ትልቅ ሆና እያለ አዘለቻት።

በማግሥቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዘይነትም ነበረች፤ ከሁሉ ጠንክራ የተናገረችውም እሷ ናት። «የእኔን ልጅ አንድ ቀን እንኳ ለዚህች ሴት አደራ አልሰጥም» አለች። «የራሷንስ ልጅ ማን አደራ ሰጣት?» ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለልጅቷ ዘመድ ይፈለግላት ተባለ። አቶ ፍሬ ስብሐት መዝገብ አስወጥተው ሲያዩ የአባት ስም ደሞዝ፣ የትውልድ ቦታ ጢስ ዓባይ ይላል። እዚያ እህል የሚያመላልስ ወዳጅ ነበራቸው፤ ስልክ ቁጥር ብቻ ጠይቀውት ለደሞዝ ደወሉ። የሰውየውን ጠባይ፣ ያለፈ ታሪኩን አልጠየቁም።

ደሞዝ በማግሥቱ፣ ሐሙስ ማለዳ፣ መደብራቸው መጣ። ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ዱላውን በር ላይ አስደግፎ፣ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ዕንባውን ለማምጣት አልተቸገረም።

«ጌታዬ፣ ሚስቴ አእምሮዋን ታማ ልጄን ይዛብኝ ጠፋች። አራት ዓመት ሙሉ የልጄን ፊት አላየሁም።»

«ታማለች ማለትህ እውነትህን ነው» አሉት አቶ ፍሬ ስብሐት። «እጇ ላይ ሁሉ ትጽፋለች።»

«አዎ፣ ድሮም እንዲያ ያደርጋት ነበር» አለ ደሞዝ።

አቶ ፍሬ ስብሐት ይህን ሲሰሙ ጥርጣሬያቸው ጠፋ። አባት የላትም ያለቻቸው ሴት ዋሽታቸዋለች፤ አባትየው ይኸው እያለቀሰ ተቀምጧል። በዚያው ቀን ራሳቸው ትምህርት ቤት ይዘውት ሄዱ፤ ለጥበቃውም ለመምህሯም «አባቷ ነው፣ እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ» አሉ። ሔራን ከሰዓት በኋላ፣ እረፍት እንዳበቃ፣ ከክፍል ተጠርታ ወጣች።

የብርጓል በዚያ ቀን በጊዜ ነበር የደረሰችው። ከማክሰኞ ወዲህ ስትሠራ ላስቲክ እጇ ላይ ትጠመጥም ስለነበር ጽሑፉ አልለቀቀም። ገና ጥቂት ወላጆች ብቻ መጥተዋል። ሔራን ስትዘገይባት ጋሽ ጊዮርጊስን ጠየቀች።

«አባቷ ወሰዳት እኮ» አሉ ጋሽ ጊዮርጊስ። «አቶ ፍሬ ስብሐት ናቸው ያገናኟቸው። አልነገሩሽም?»

መጀመሪያ የገባት አልመሰለም። አቶ ፍሬ ስብሐት ሊያስረዷት አስበው ቀደም ብለው መጥተው ነበርና «ነይ እስቲ፣ ቁጭ ብለን…» እያሉ ቀረቡ። የብርጓል ቃላቸውን አላስጨረሰቻቸውም። በሁለት እጇ ኮሌታቸውን ይዛ በግንባሯ ፊታቸው ላይ መታቻቸው። መነጽራቸው ተሰበረ፣ ከንፈራቸው ተተረተረ። «ልጄን» ትላለች፣ ትመታቸዋለች፤ «ልጄን» ትላለች፣ ትመታቸዋለች። አንድ ጎረምሳ አባት ከኋላ ትከሻዋን ይዞ ወደ መሬት ወረወራት፤ ሌላው ጉልበቱን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ። ከንፈሯ ጠጠሩ ላይ ተጣብቆ ትጮሃለች። «ይኸውላችሁ፣ አብዳለች ስንል» አለ አንዱ።

ዘይነት እንዳትቧጭር ብላ ግራ ክንዷን ጠምዝዛ ያዘች። እጅጌው ተቀዶ ነበር። በክንዷ ውስጠኛው ቆዳ ላይ፣ ሰው በማያየው በኩል፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ አነበበች። «ደሞዝ ተፈቷል። ሔራንን ለማንም አትስጪ። ካየሽው ሩጪ።»

ዘይነት ደግማ አነበበችው። በሦስተኛው ጮክ ብላ አነበበችው።

«ደሞዝ ሰው ነው?» አለች። «ልቀቋት። ልቀቋት አልኋችሁ። ደሞዝ ማነው?»

የብርጓል ተቀመጠች። ሻሿን በራሷ እጅ ገፈፈች። ከግራ ጆሮዋ በላይ ግማሽ ሎሚ የሚያስቀምጥ ስርጉድ አለ፤ ፀጉር አልበቀለበትም።

«አባቷ ነው» አለች። «ይኼን በመጥረቢያ ያደረገኝ እሱ ነው። አሁን ልጄ ከእሱ ጋር ናት።»

 ጉልበቱን ጀርባዋ ላይ አሳርፎ የነበረው ሰው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ጋሽ ጊዮርጊስ ቀልባቸውን ሰብስበው የሰሙትን ተናገሩ፤ ልጅቷ አባቷን አላወቀችውም፣ ዝም ብላ ታየው ነበር፤ «እናትሽ ጋ ነው የምንሄደው» ሲላት እሺ አለች። የት እንደምትሠራ ጠየቃት፤ ሐይቁ ዳር አለችው።

እንግዲህ የፈለገው ልጅቷን አልነበረም።

ዘይነት አሮጌ ቪትዝ ነበረቻት። የብርጓልን ከፊት አስገባች። አቶ ፍሬ ስብሐት ማንም ሳይጠራቸው የኋላውን በር ከፍተው ገቡ፤ ደማቸው ሸሚዛቸው ላይ ይንጠባጠባል። ድልድዩን ሲሻገሩ ዘይነት በአንድ እጇ እየነዳች ፖሊስ ጋ ደወለች። አቶ ፍሬ ስብሐት ከኋላ «እግዚኦ፣ ምን አደረግሁ» ይላሉ።

«ዝም በሉ» አለቻቸው ዘይነት። «እኔም አብሬዎት ነበርሁ። አሁን ዝም በሉ።»

የዓሣ መፋቂያው ሐይቁ ጫፍ ላይ ያለ ረጅም የሲሚንቶ ጠረጴዛ ነው። ሲደርሱ ሴቶቹ ሠራተኞች ወደ ዛፎቹ ሸሽተው ቆመዋል። ደሞዝ ጠረጴዛው ጋ ብቻውን ነው። በግራ እጁ የሔራንን አንጓ ጨብጧል፤ በቀኙ ዱላውን ይዟል፤ ከጠረጴዛው ያነሣውን የፊሌቶ ቢላ መቀነቱ ላይ ሰክቷል። ልጅቷ አታለቅስም። ፊቷ አመድ መስሏል።

አቶ ፍሬ ስብሐት ቀድመው ወረዱ። እጃቸውን ዘርግተው ቀጥ ብለው ሄዱ።

«ደሞዝ፣ ወንድሜ፣ ልጅቷን ልቀቃት። እኔ ነኝ ያመጣሁህ። ያለህን ነገር ከእኔ ጋር…»

ዱላው መንጋጭላቸው ላይ አረፈ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። አቶ ፍሬ ስብሐት በጉልበታቸው ወደቁ፣ ጥርስና ደም ተፉ። ደሞዝ ሁለተኛ ማጅራታቸው ላይ ደገማቸው፤ በፊታቸው ተደፉ።

«ሔራን» አለች የብርጓል።  «ንከሺው።»

ልጅቷ አውራ ጣቱን በጥርሷ ይዛ አጥንቱ እስኪሰማት ነከሰች። ደሞዝ ጮኸና ልጅቷን አንሥቶ ከጠረጴዛው ወዲያ ወደ ሐይቁ ወረወራት። ትከሻዋ ድንጋይ መትቶ ውኃው ውስጥ ገባች። የብርጓል ከእነ ልብሷ ዘለለች። ውኃው እዚያ ደረት ይደርሳል። ልጇን በቀሚሷ ይዛ ወደ ላይ ስታነሣት ደሞዝ ቢላውን መዝዞ ተከትሏት ገባ። ፊቷ ላይ ሲሰነዝርባት በግራ ክንዷ ጋረደች፤ ቢላው ክንዷን እስከ አጥንቱ ተለተለው። ሔራንን በቀኝ እጇ ወደ ዳር ገፋቻት። ያን ጊዜ ደሞዝ ማጅራቷን ይዞ ውኃ ውስጥ ደፈቃት። ቢላው ወድቆበት ስለነበር ሁለቱንም እጁን አሳረፈባት። ውኃው ቀላ።

ዘይነት በሕይወቷ ሰው መትታ አታውቅም ነበር። ዳር ከተጎተተች ጀልባ ላይ መቅዘፊያ አንሥታ ገባች። የመጀመሪያው ምት ትከሻውን አገኘው፤ ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። ሁለተኛው አንገቱና ጆሮው መካከል አረፈ፤ እጁ ላላ። ሦስተኛው ጣለው። ዘይነት ግን አላቆመችም። ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ሲንሳፈፍ ትመታዋለች፣ እጁን ሲያነሣ ትመታዋለች፤ መቅዘፊያው እስኪሰነጠቅ መታችው። መረብ ይጠግኑ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ከኋላ አቅፈው አወጧት። ዳር ስትደርስ ተንበርክካ አስመለሰች። አጥማጆቹ የብርጓልን ሣሩ ላይ በሆዷ አስተኝተው ጀርባዋን ሲጫኑ ውኃ ከአፏ ወጣ፣ ሳለች፣ ተነፈሰች።

ፖሊሶች ሲመጡ ደሞዝ በሕይወት ነበር። አጥማጆቹ በመረብ ገመድ አስረውት ነበር።

የብርጓል ሆስፒታል ስትነቃ የምታስታውሰው የጋሽ ጊዮርጊስን ቃል ብቻ ነው፤ «አባቷ ወሰዳት እኮ»። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ፣ ሐይቁም፣ ቢላውም፣ ዘይነትም፣ ከራሷ ውስጥ የለም። የመጀመሪያው ሰሞን በየጠዋቱ ስትነቃ ሔራን የተወሰደች ይመስላትና ትጮህ ነበር፤ ልጅቷ እጇን ይዛ «አለሁ፣ እማዬ፣ አለሁ» ትላታለች። ክንዷ ላይ የቀረው ጠባሳ ጎርበጥባጣ ስለሆነ እስክሪብቶ አይሄድበትም፤ አሁን በቀኝ እጇ ላይ የምትጽፍላት ሔራን ናት፤ ፊደሏ ገና ይንሻፈፋል።

ፍርድ ቤት የቆሙላት ሔራንና ዘይነት ናቸው። ደሞዝ «ልጄን ልይ ማለት ወንጀል ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ዳኛው ያየው የነበረው የልጅቷን የተሰበረ ትከሻ ፎቶ ነበር። ረጅም እስራት ተፈረደበት፤ ሽማግሌ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ከወላጆቹ ጥቂቶቹ ሙዝና ወተት ይዘው ሆስፒታል ጠየቋት። በር ላይ የቀሩት ግን «ብትነግረን ኖሮ ይኼ ሁሉ ባልደረሰ» ማለታቸውን አልተዉም። ዘይነት አንድ ቀን ሰማቻቸው።

«ብትነግረን ምን እንላት ነበር?» አለቻቸው። «እኔ ልንገራችሁ። ‹ምን አድርጋው ነው› ነበር የምንለው። እኔ ራሴ እንዲያ ነበር የምለው።» ኢኽላስን ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ልጆች የምትወስደው እሷ ናት።

አቶ ፍሬ ስብሐት መንጋጭላቸው በሽቦ ታስሮ ለብዙ ጊዜ በቀጭን ቱቦ ሾርባ ሲጠጡ ከረሙ። ሽቦው ሲፈታ ከኮሚቴው ራሳቸውን አነሡ፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የብርጓልን ቤት አንኳኩ። የፊታቸው ግራ ጎን ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሲናገሩ ቃሉ ይጎረብጣል። ቁጭ በሉ ብትላቸውም ቆመው ቀሩ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አሉ።

የብርጓል አልተቆጣችም።

«ጋሽ ፍሬ፣ ይቅር ብያለሁ ብልዎት ነገ ማለቴን እረሳዋለሁ። ያደረጉትንም የማውቀው ሰው ስለነገረኝ ነው። እኔ ዘንድ የለም። ሔራን ዘንድ ግን አለ፤ ያኔ የሆነውንም ዘንድሮ የሆነውንም ይዛዋለች። ይቅርታዎን እሷን ይጠይቋት።»

ሔራን ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። አቶ ፍሬ ስብሐት ጉልበታቸውን ይዘው ዝቅ አሉ፣ አጠገቧ ተቀመጡ።

«ልጄ» አሉ። «አባቷ ነኝ ሲለኝ ጊዜ አመንሁት። ለአንቺ የሚሻል መስሎኝ ነበር።»

ልጅቷ እርሳሷን አስቀመጠች። የሰውየውን ጠማማ አገጭ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ለምን እኔን አልጠየቁኝም?» አለች። «ክፍል ውስጥ ነበርሁ እኮ።»

አቶ ፍሬ ስብሐት ዕንባቸው በተሰበረው ጉንጫቸው በኩል ሲወርድ አልጠረጉትም። ሔራን ይቅር ብያለሁም አላለች፣ አላልሁምም አላለች። ሊሄዱ ሲነሡ ተነሥታ ሸኘቻቸው፤ እንደ ትልቅ ሰው ደጃፍ ድረስ ወጣች፤ ከዚያ ገብታ በሩን ዘጋችና በእግር ጣቷ ቆማ መቀርቀሪያውን ሳበችው።